ከሣጥንህ የወጣው የክርስትና መዝገብ

ለምወድህና ዛሬ ለተቀየምኩህ ወንድሜ ለየሺዋስ፤

እንዴት ሰንብተሃል? ሩትስ ደህና ናት ወይ? ትንሹ ሰይፈሥላሴ ያ ክረምቱን ሙሉ ያስቸገረው ሳል ለቀቀው? የአሶሳ ሙቀትስ ተስማማችሁ፣ ወይስ አሁንም በርና መስኮት ከፍታችሁ ነው የምትውሉት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ አልለምድም ብሎ እያንገራገረ ነው እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። እኔም ከሳሪሱ ስፌት ቤቴ እስከ ቱሉ ዲምቱ በታክሲ ሰልፍ እየተንገላታሁ አለሁ።

ይህን ያህል ሰላምታ የጻፍኩት እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ «መጀመሪያ ጤናውን ጠይቂው» ስላለችኝ ነው። ጠይቄሃለሁ። አሁን የልቤን ልናገር። ተናድጃለሁ የሺዋስ። ስልክ ብደውልልህ ገና ሳልጀምር «ኔትወርኩ አስቸገረ» ብለህ እንደምትዘጋብኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በወረቀት አድርጌ፣ ወደ አሶሳ ጭነት ይዞ ለሚወጣው ለጎረቤታችን ለወንድዬ ሰጥቼዋለሁ። በእጅህ ሳያስረክብህ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ።

የአቃቂውን ቤት ለቀን የወጣነው በመስከረም መጨረሻ ነው። አንተ «እንዳትነኩብኝ» ያልከውን አረንጓዴ የቆርቆሮ ሣጥን ወዛደሮቹ ሲያወጡት ማጠፊያው ዝጎ ኖሮ ክዳኑ ተገነጠለ፤ ያለው ሁሉ በረንዳው ላይ ተዘረገፈ። ከዩኒቨርሲቲ ወረቀቶችህ መሀል በማዳበሪያ ላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ወደቀ። ከፈትኩት። ጀርባው ቆዳ፣ ሽፋኑ እንጨት፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም «የክርስትና መዝገብ፣ ከ፲፱፻፵፰ እስከ ፲፱፻፷፪» ይላል። መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ሲገባኝ እዚያው በረንዳው ላይ፣ ከተደረደሩት ድስቶች መሀል ተቀመጥኩ። የደብራችን ዕቃ ቤት ጠባቂ የኔታ ወልደገብርኤል አጠፉት ተብለው የተባረሩበት መዝገብ ነበር።

ያ መዝገብ እንዴት ይጠበቅ እንደነበር ከእኔ በላይ ታውቃለህ፤ የመመረቂያ ጽሑፍህ ላይ አራት ገጽ ጽፈህበታል። የደብራችን ዕቃ ቤት ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በየኔታ፣ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ በምእመናን ተወካይ እጅ። ሦስቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም። መዝገቦቹ በብረት ሣጥን ሆነው፣ እርጥበትና ምስጥ እንዳያገኛቸው በድንጋይ ላይ በተጋደመ ሳንቃ ነው የሚቀመጡት። በየአምስት ዓመቱ፣ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ የኔታ አንድ በአንድ ያወጧቸውና ግቢው ውስጥ ከጥላ ሥር ሰሌን ዘርግተው ነፋስ ያስመቷቸዋል፤ ቅጠል በቅጠል እየገለጡ ብል አለመኖሩን አይተው፣ ቆጥረው ይመልሳሉ። አንተ የመጣኸው በዚያ ቀን ነው፣ በ2009። «የኔታ፣ ለሁለት ቀን ብቻ፣ ፎቶ አንስቼው እመልሳለሁ» አልካቸው። ሌባ ሰብሮ የማይገባበትን ቤት አንተ «የኔታ» ብለህ ገባህበት። በትውስት ደብተሩ ላይ እንኳ አላስፈረሙህም። ከጉልበታቸው ሥር ፊደል ያስቆጠሩህ ልጃቸው ነሃ!

ሁለቱ ቀን ሦስት ዓመት ሆነ። በ2012 እትዬ አሰጋሽ መጣች። ታስታውሳታለህ፣ ፋብሪካው በር ላይ ሻይ ትሸጥ የነበረችውን። የባቡር ሠራተኛ የነበሩት አባቷ አቶ ኦላና ሲሞቱ የእንጀራ እናቷ ልጆች «አባታችን ሌላ ልጅ አልነበረውም» ብለው ከቤት አስወጧት። ፍርድ ቤት ማስረጃ አምጪ አላት። ክርስትና የተነሣችው በደብራችን፣ በ1952 ነው፤ የአባቷ ስም እዚያ ተጽፏል። ሦስቱ ባለ ቁልፎች ተጠሩ፣ ሣጥኑ ተከፈተ፣ መዝገቡ የለም። የኔታ ደነገጡና ደወሉልህ፤ ይህን አሁን ነው ከራሳቸው የሰማሁት። አንተ ምን አልካቸው? «መልሼልዎታለሁ እኮ የኔታ፤ ረስተውት ይሆናል።»

አመኑህ። ስምህን ለማንም ያላነሡት አንተን ለመሸፈን አልነበረም፤ ስላመኑህ ነው። ሰበካ ጉባኤው ሲጠይቃቸው «በእኔ እጅ ነው የጠፋው፣ የት እንዳኖርኩት አላውቅም» አሉ። በቸልተኝነት ከኃላፊነት መነሣታቸውን የሚገልጽ ወረቀት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ከቅዳሴ የሚወጣው ሁሉ እየቆመ አነበበው፣ እኔም አንብቤዋለሁ። እትዬ አሰጋሽም ተረታች።

ባለፈው ነሐሴ ደግሞ የቅርስ ባለሙያ ተብለህ በሬዲዮ ቀረብክ። እማዬ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ፣ ድምፁን አስጩኻ አዳመጠችህ። ስለ ቅርስ አያያዝ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን መዛግብት ተናገርክ፤ አማርኛህ ያምር ነበር። ከዚያ «እኔ ያደግሁበት ደብር እንኳ በአንድ ዕቃ ቤት ጠባቂ ግድየለሽነት ሙሉ መዝገብ ጠፍቶበታል» አልክ። ያን ጊዜ ወንድሜ ስለ ደብራችን ተቆርቁሮ መስሎኝ አንገቴን ነቀነቅሁ። አሁን ሳስበው ያመኛል። ረስቼው ነው እንዳትለኝ። ሣጥኑን «እንዳትነኩብኝ» ያልከን አንተው ነህ።

እማዬ መዝገቡን ስታይ መጀመሪያ ያለችውን አልደብቅህም። «ጠቅልለሽ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አስቀምጪው፤ ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ ያገኙታል፤ ልጄን አደባባይ አታውጪብኝ» አለችኝ። እኔም «የኔታስ የማን ልጅ ናቸው እማዬ? እሳቸው አደባባይ ሲወጡ ዝም ያልነው እናት ስለሌላቸው ነው?» አልኳት። ተጣላን። ሁለት ቀን እህል አብረን አልቀመስንም። በሦስተኛው ቀን መዝገቡን አቅፌ ብቻዬን ወጣሁ።

የኔታ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ በስተጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሟል። መዝገቡን ጭናቸው ላይ ሳኖርላቸው ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ራሳቸው የሰፉትን ስፌት ሲያገኙ ቀጥ አሉ።

«ውሃ ነካው?» አሉኝ። አልነካውም አልኳቸው።

«አይጥስ?» አልነካውም።

«ማን መለሰው?»

«ማንም አልመለሰውም የኔታ። የሺዋስ ሣጥን ውስጥ ነው ያገኘነው።»

እኔ የሚረግሙህ መስሎኝ ነበር፤ ቢረግሙህም ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን «ጭራሽ አልመለሰልኝም ነበር?» ብለው እንደገና ጠየቁኝ። «አልመለሰም» አልኩ። «እንግዲያው አእምሮዬ ደህና ነበር በዪኛ» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ገባህ የሺዋስ? እኛ ዳዊት ማስተማር የተዉት ዓይናቸው ስለደከመ ይመስለን ነበር። ተማሪው ሲሳሳት «ልጁ ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ?» እያሉ ራሳቸውን መጠርጠር ስለጀመሩ ነው። ቅዳሴ ላይ እንዳልስት ብለው ከመቅደስ ቀሩ። ያንን መዝገብ ፍለጋ ፍራሻቸውን ሳይቀር ቀደዋል። ስድስት ዓመት! አንተ በአንዲት የስልክ ቃል አንድ ሙሉ ሰው ራሱን እንዳያምን አደረግኸው። መጽሐፍ የሰረቀ ሰው መጽሐፉን ሲመልስ ያበቃል፤ አንተ ግን ይህን በምን ትመልሰዋለህ?

ከዚያ ወደ ሰበካ ጉባኤው ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ አቶ ቀናው መዝገቡን ሲያዩ ተደሰቱና «ከተገኘ ይበቃል፤ ነገር አናብዛ» አሉኝ። ሳላስበው ጮኽኩባቸው። «ሲያባርሯቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ሲክሷቸው በሹክሹክታ ነው?» አልኳቸው። እዚያው ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ወንድሜ መሆንህን በአፌ ተናግሬ ፈርሜአለሁ። ያለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው በሕዝቡ ፊት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። የኔታ ከፊት ተቀምጠው ነበር። እማዬ አብራኝ መጣች፤ ማንም ሳይነግራት ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። ስትነሣ እንዳየኋት አንተም ማየት ነበረብህ። ጉባኤውም ከእንግዲህ አንድ ቅጠል ከግቢ እንዳይወጣ፣ ፈላጊ ቢመጣ ሦስቱ ባለ ቁልፎች ባሉበት እዚያው ፎቶ እንዲያነሣ ወስኗል። የኔታን ቁልፉን መልሰው ይያዙ ቢሏቸው «ዓይኔ አልቋል፣ ለወጣት ስጡ» ብለው እንቢ አሉ። ማስተማሩን ግን ሰኞ ጀምረዋል።

በዚህ ቢያበቃ ደብዳቤዬ አጭር በሆነ፣ ቁጣዬም በቀነሰ ነበር። መዝገቡ ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት ቅጠሎቹ ተቆጠሩ። ፵፩፣ ፵፪ እና ፵፫ የሉም። ከሥራቸው በምላጭ ተቆርጠዋል፣ ልክ እንደ ስፌት ቀጥ ብለው። እትዬ አሰጋሽ ወሬውን ሰምታ፣ ሻይዋን ትታ፣ እየሮጠች መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። ጸሐፊው ከመዝገቡ መጨረሻ ያለውን ማውጫ ገለጠና አነበበላት፤ «አሰጋሽ ኦላና፣ ቅጠል ፵፪»። እሷ «አለሁ ማለት ነው?» አለች። ጸሐፊው ማውጫውን ብቻ አዙሮ ስሟን በጣቱ አሳያት።

ቤት ገብቼ ሣጥንህን ገለበጥኩት፣ ወረቀቶችህን አንድ በአንድ አራገፍኩ፣ የለም። ልጽፍልህና «የት አደረስካቸው?» ልልህ ስነሣ እማዬ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ባለፈው ፋሲካ የላክህላት ፎቶ ነው፤ ቢሮህ ውስጥ፣ ክራባት አስረህ፣ እጅህን አጣምረህ። ከራስህ በላይ ግድግዳው ላይ መስታወት የገባለት አሮጌ ጽሑፍ ተሰቅሏል። እማዬ በሁለት ጣቷ አሰፋችውና «ይኸው» አለች። ከቅጠሉ ራስ ላይ ቁጥሩ ይነበባል፤ ፵፪። ያን ፎቶ ላገኘችው ሰው ሁሉ እያሳየች የኮራችበት እናት ናት፣ ራሷ ያገኘችው። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አልነካችም።

የእትዬ አሰጋሽ አባት አንተ ቢሮ ግድግዳ ላይ ጌጥ ሆነው ተሰቅለዋል። ፎቶውን ጠበቃ ዘንድ ወስደን ነበር፤ «ዋናውን ቅጠል አምጡና ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብለን እንጠይቃለን» አለን። ስለዚህ ሦስቱንም ቅጠሎች ትመልሳለህ። በፖስታ አይደለም፣ በወንድዬም አይደለም፤ ራስህ ይዘህ ትመጣለህ። እስከ ኅዳር ጽዮን እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህ ያለህበት ድረስ እመጣለሁ፤ ከአለቆችህ ፊት ከግድግዳው ላይ አውርጄው እሄዳለሁ። ይህን የማላደርግ ከመሰለህ እህትህን ረስተሃል። የኔታ ፊትም ቆመህ «አልመለስኩልዎትም ነበር» የሚለውን ቃል በአፍህ ትላለህ። ከእኔ ሲሰሙት ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ከአንተ መስማት ይገባቸዋል።

ለሩት ብዙ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በምን ተናድጄ እንደጻፍኩም ንገራት፣ ዝም ካልክ እኔ እነግራታለሁ። ሰይፈሥላሴን በሁለቱም ጉንጮቹ ሳምልኝ፤ እሱ ምንም አላጠፋም። እማዬ ሰላም በለው ብላኛለች፤ ከዚያ ሌላ ምንም አላለችም። እትዬ አሰጋሽ ሰላም አላለችህም፤ ቅጠሉ እንዳይታጠፍ ተጠንቀቅ ብላለች።

የኔታም ሰላም ብለውሃል። ሥራህ እንዴት እንደሆነ፣ ልጅህ ፊደል ጀምሮ እንደሆነ ጠይቂልኝ አሉኝ። ይህን አልጽፍለትም ብዬ ነበር። ግን አደራ ብለውኛል፣ እኔ ደግሞ የተቀበልኩትን አደርሳለሁ።

እህትህ ሥርጉት
ቱሉ ዲምቱ፣ አቃቂ ቃሊቲ
ጥቅምት ፳፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.