የካሰች ምርቃት

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ የእጮኛህ ቤተሰቦችስ ደህና ናቸው? እኛ ፍኖተ ሰላም ላይ ደህና ነን። ቡሬ በኩል ዝናቡ ጥሩ ይዟል፤ የእናታችን በቆሎ ጉልበት ደርሷል አሉ። እሷ ለዓይኗ ሕክምና እኔ ጋ ከመጣች ወር ሆናት። ሞራው ተነሥቶላት አሁን ደህና አድርጋ ታያለች። ባታይ ይሻል ነበር።

የካርቱንህን ነገር በስልክ ስነግርህ እየሳቅህ አስረዳኸኝ። ስለዚህ ጻፍሁልህ፤ ወረቀት ሲስቁበት አያቋርጥም።

የተረጎምኸው የልጆች ካርቱን እዚህም ይታያል። ልጄ ውዳሴ አጎቴ የሠራው እያለች የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሰብስባ ነው የምታየው። በካርቱኑ ነጫጮቹ የጌቶቹ ልጆች የአዲስ አበባ አማርኛ ያንቆረቁራሉ። ወጥ ሠሪዋ ግን ከሰል የመሰለች፣ ከንፈሯ ፊቷን የሞላ፣ ዓይኗ የሚጉረጠረጥ ሴት ናት። እሷን የእኛን አገር አማርኛ አናገርሃት፤ ስሟንም ካሰች አልሃት። ልጆቹ በጭልፋ አናቷን ሲሏት ትወድቅና፣ እደጉ ልጆቸ፣ እንደ ግሽ ዓባይ ምንጭ አትንጠፉ ትላለች። በየክፍሉ ትመታለች፣ በየክፍሉ ትመርቃለች።

ይህን ምርቃት የት እንደሰማኸው ላስታውስህ? ቡሬ መንገድ ዳር አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ እናታችን እጇን አናትህ ላይ ጭና ነው። አንተ ጎንበስ ብለህ ነበር፤ ሻንጣህን እኔ ይዤልህ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ውዳሴ ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል እናታችን እንደ ልማዷ መረቀቻት። ልጅቷ ምርቃቱ ሳያልቅ አናቷን ይዛ መሬት ላይ ተዘረጋች። አያቴ ካሰች ናት እያለች ተንከባለለች። ጎረቤቶች ሳቁ። እናታችንም ነገሩ ሳይገባት አብራ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ወንድሜ። እኔ ግን ገብቶኝ ነው የሳቅሁት። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርሁም።

ከሰዓት በኋላ እናታችን፣ ያችን ካሰች የምትሏትን እስቲ አሳዩኝ አለች። ዱካ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አየች። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ እኔ ትዝ ብየው ነው? አለች። አዎ አልኋት። ምን ልበላት?

ፈረንጆቹም በተሰባበረ አነጋገሯ እንድታስቅ ነው የሠሯት፣ እኛ አቻ መፈለግ ነበረብን ብለኸኛል። አቻ ስትፈልግ እናትህን አገኘህ። ፈረንጁ በጥቁር ቢስቅ አያውቀንም እንበል። አንተ ግን ጡቷን ጠብተህ ነው ያደግኸው። ያ ሥዕል እሷንም፣ እኔንም፣ አንተንም ለመሳደብ የተሣለ ነው፤ አዲስ አበባ ስለገባህ የቀላህ መሰለህ? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲሉ እሰማ ነበር።

እናታችን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም አትመርቅም። ውዳሴ ጠዋት ጠዋት አጎንብሳ ትጠብቃለች፤ አያቷ ፀጉሯን ዳበስ አድርጋ ሂጂ ትላታለች። ልጅቷ ጥፋቷ አልገባትም። ትናንት በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ከትምህርቷ አረፈደች።

እናታችን የአዲስ አበባን መንገድ ስለማትችለው ሠርጌ ላይ የሚነበብ ምርቃቷን ጽፈሽ ላኪልኝ ብለኸኝ ነበር። ብዕር ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ምስር እየለቀመች ነበር። ምን ብዬ ልጻፍለት አልኋት። አልተቆጣችም። የነበረኝን ይዞት ሄዷል እኮ ልጀ አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

እንግዲህ የሷን ቦታ ባልሞላውም የኔን ልላክልህ። ትዳርህ ይቅና። ልጅም ይስጥህ፤ አናቱ ላይ እጁን የሚጭንለት ሰው አይጣ።

ያንዲት እናት ልጅ፣
እህትህ