ጎብኚ የለውም ተብሎ ስለቀረው የባለቤቴ ገጽ

ለክቡር አቶ ወንዳፈረው
የተጓዥ ቤተሰቦች መልእክት ማዕከል ኃላፊ
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም በቅርቡ የተከራያችሁት አዲሱ ሰርቨር እንደምን ከርማችኋል? እኔ በጃጁራ ገበያ ጨርቅ የምሸጠው ነጂባ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ብቻዬን ከመሆኔ በስተቀር ደህና ነኝ።

ማዕከልዎ አሮጌውን የመልእክት ድረ ገጽ ጠረጴዛ ሥር ሲያጓራ ከኖረው ኮምፒውተር አንስቶ ክላውድ ወደሚባለው ሰርቨር በማዛወሩ፣ ለዚሁም ባነር ሰቅሎ፣ ለስላሳ አጠጥቶ፣ የለውጥ ሠራዊቱን በማስጨብጨቡ እንኳን ደስ አላችሁ እላለሁ። እኔም ከኋላ ቆሜ መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ባለቤቴ ሙኒር ከአሮጌው ጋር መቅረቱን ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ሙኒር ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ የወጣው በ2005 ነው። ከመንገድ «ደህና ነኝ፣ ሱቁን እንዳትዘጊ፣ ስደርስ እጽፋለሁ» ብሎ ማዕከልዎ በከፈተለት ገጽ ላይ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁም ጽሑፉም የለም። እንግዲህ ቅሬታዬን ከታላቅ አክብሮት ጋር በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ሁለት ዓመት ቤተሰቡ ያልከፈተው ገጽ «ጎብኚ የለውም» ተብሎ፣ በካይዘን አላስፈላጊ ከተባሉት የተሰበሩ ወንበሮች ጋር እንዲቀር ወስናችኋል። ኧረ ክቡርነትዎ! እኔ አራት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ፣ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቄ እየመጣሁ ያንን ገጽ ሳይ ኖሬያለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ወረፋው እንዳይረዝም ሠራተኛችሁ ወይዘሮ ዓለሚቱ በራሷ የይለፍ ቃል እየገባች ለሁላችንም እንድታሳየን ያዘዟት እርስዎ ነዎት፤ ትእዛዙም በማኅተም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ዓለሚቱን ነው፤ እኔ በእሱ ዘንድ አንድ ቀንም አልመጣሁም። ዓለሚቱ፣ አላህ ይስጣትና፣ ስሙን ጮክ ብላ ታነብልኝ ነበር። በቀረው ቀን ስሙን የሚጠራልኝ የለም፤ ሰው እንዳያስከፋኝ እየፈራ ይዘለዋል።

2. ውሳኔውን ያሳወቃችሁን በዚያው በአዲሱ ድረ ገጽ ላይ ነው። ኢንተርኔት የሌለን ሰዎች ኢንተርኔት ገብተን እንደምናነበው በመተማመን ላሳያችሁን ከፍ ያለ ግምት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

3. አሮጌው ኮምፒውተር በያዝነው ወር መጨረሻ ውስጡ ተደምስሶ እንደሚወገድ ሰማሁ። እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። መልእክቱን በቃሌ ስለያዝኩት እሱን ፍለጋ አይደለም የምለምነው። ሙኒር ስልኩ ቢጠፋበት፣ ቁጥሬን ቢረሳ እንኳ የይለፍ ቃሉን አይረሳም፤ የእናቱ ስም ነውና። አንድ ቀን ካለበት አገር ኮምፒውተር አግኝቶ ሲገባ ገጹ አላውቅህም ቢለው፣ እኔም የተውኩት ይመስለዋል። ማሽኑ ሳይደመሰስ ያንን አንድ ገጽ ብቻ አሻግሩልኝ።

ከዚህ በላይ የከበረ ጊዜዎን ሳልሻማ፣ ለተሻገሩት ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ለቀረው አንዱ ደጅ እየጠናሁ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞም ከበርዎ የማልታጣ

አክባሪዎ
ነጂባ
ጃጁራ፣ ጥቅምት 2009 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት በአዲሱ ድረ ገጽ ላይ የባለቤቴን ስም አስፈልጌ ነበር። «በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም» የሚል መልስ ሰጠኝ። ጎረቤቶቼ የለም የምትለዋን ቃል ፊቴ ላይ ላለመናገር አራት ዓመት ሲጨነቁ ኖረዋል፤ የእናንተው አንድ ሰከንድም አልፈጀበት። በእውነት ፈጣን ሰርቨር ነው።