ከእንጨቱ ሥር ያሉት ነጥቦች

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ሥራ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። ጠዋት አንድ ሹፌር ባለ አሥር ጥይት ጠመንጃ ይዞ መጣ። አዲስ ነው። ጥይቱ መሃል ላይ እየተቀረቀረ አስቸግሮታል። ስፈታው ውስጡ ሰዓት ነው የሚመስለው… ስፕሪንግ በስፕሪንግ። አስተካከልኩለትና መደርደሪያ ላይ ያለችውን አንድ ጎራሽ አሳየሁት። አንድ ጥይት ትጎርሳለች፣ አንድ ትተፋለች፣ በቃ። ሳቀብኝ። ይሳቅ። ርካሽ ስለሆነች የድሃ መሣሪያ ይሏታል። አንድ መቺ፣ አንድ ምላጭ፣ ማጠፊያዋ ላይ አንድ ካስማ፣ ሁለት ስፕሪንግ። የሌለ ነገር ምኑ ይሰበራል? ሠላሳ ዓመት ስጠግን አንድም እንደዋዛ የሞተች አላየሁም።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር። ለጠመንጃ ከምታወርደው ምስጋና ሩቡን ለኔ ብትሰጠኝ ምን ነበረበት አለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

የጋሼ ልጅ መጣች። የታላቅ ወንድሜ የመጨረሻ ልጅ። በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ሳይፈታ አወቅሁት። የጋሼ አንድ ጎራሽ።

ጠመንጃዋን ከካቻምና ሰኔ ወዲህ አላየኋትም ነበር። ያኔ ጋሼ ከፍራፍሬ እርሻው የጥበቃ ማማ ሲወርድ ባርቃ እግሩን መታችው። ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ወይ ጋሼ… አርባ ዓመት ሙሉ ጠባቂ፣ የዚህን ከተማ ጠባቂ ግማሹን ያስተማረ ሰው። "ጣት አውጣ!" እያለ፣ ጣቱን ምላጭ ላይ የረሳውን በልምጭ እጁን እየገረፈ። ስሙም ጣት አውጣ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ራሱ… ሰው ምን አለ? መካሪው ራሱ ተመካሪ አለ። እሱም አመነ። ጣቴ ነው፣ ረስቼው ነው አለ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ከደጅ አልወጣም።

ልጅቱ በአባቷ ቦታ ልትቀጠር ነው። እርሻው ጠባቂ መሣሪያውን ይዞ ይምጣ ይላል። ሌላ መግዛት አይችሉም። ጋሼ ደግሞ ያቺን ነገር ገደል ክተቻት ብሏታል። ተደብቃ ነው ያመጣችው። አጎቴ፣ አንተ ደህና ናት ካልክ አባቴም ይሰማሃል አለችኝ።

ሳልፈታት መልስ ሰጠሁ። "ይቺ እኔንም አንቺንም ትቀብራለች" አልኳት። ትታልኝ ደስ ብሏት ሄደች። ምን አስቸኮለኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ፈታኋት።

የእጄን ሥራ የማውቅበት ዘዴ አለኝ። የከፈትኩትን መሣሪያ ሁሉ ስገጥም፣ ከፊተኛው እንጨት ሥር ብረቱ ላይ በመብሻ አንዲት ነጥብ እመታለሁ። ከፈትኩ ማለት ነው። ሌላ ሰው አያየውም። የጋሼ መሣሪያ ላይ ሦስት ነጥብ አለ። አንደኛዋ ስፕሪንግ የቀየርኩ ጊዜ። ሁለተኛዋ ካስማ። ሦስተኛዋ…

ሦስተኛዋን ሳላስታውስ ብቀር ምን ነበረበት። የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ጋሼ ጣቱ ተሰብሮ የዳነ ሰሞን። ምላጩ ከበደኝ፣ አቅልልኝ አለኝ። መቺውን ይዞ የሚያቆመውን ጥርስ በሞረድ ሞረድኩለት። እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያወራኛል፣ እኔ እሞርዳለሁ፣ እንስቃለን። ሳብ አድርጎ ሞከራት። ቅቤ ሆነች አለ። ደስ አለኝ።

እንግዲህ የርካሽ መሣሪያ ብረት ጥንካሬው ቆዳው ላይ ብቻ ነው። ከቆዳው ሥር ለስላሳ ነው። የሞረደ ሰው መልሶ በከሰል ዱቄት ቀብሮ ማጋል፣ ውሃ ውስጥ መንከር አለበት። ይህን ጀማሪ ያውቃል። እኔ አላደረግኩትም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር… አብረን ልንበላ ቸኮልን።

ጥርሱ ተበልቶ አልቋል። ባዶዋን እንዳለች መቺዋን ስቤ አቆምኩና ሰደፏን ወለሉ ላይ መታ አደረግኩ። መቺው ወደቀ። ደገምኩ። ወደቀ። ጣቴ ምላጩ አጠገብ የለም።

ጋሼ ያኔ እንደነገረን፣ ከማማው ሲወርድ ከርከሮ አይቶ መቺውን ስቦ ነበር። አፈሙዟን ቁልቁል ይዟት ሲወርድ ሰደፏ መሰላሉን ነካ። በቃ ይኸው ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

ሱቁ ተዘግቶ ዋለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

ከሰል አያያዝኩ። አዲስ ጥርስ ላወጣላት፣ ላጠነክራት። ሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ልጅቱ ደህና መሣሪያ ታገኛለች፣ ማንም ምንም አያውቅም። ጋሼስ? ጋሼ ለምዶታል… ብዬ ጻፍኩ እንዴ? አዎ ጻፍኩ። እጄ ይቆረጥ።

ሞረዱን አንስቼ አስቀመጥኩ። አንስቼ አስቀመጥኩ። ይህን ጥርስ ካጠፋሁት የሚመሰክር ነገር አይቀርም።

ባለቤቴ ምሳ ብላ ስትጠራኝ አልመጣሁም። መጣችና ፍሙን አየች፣ እኔን አየች። ነገርኳት። ሁሉንም። እንደ ልማዷ አልጮኸችብኝም። እንዲህ አለች፦ "እግሩን አትመልስለትም። ጣቱን ግን ትመልስለታለህ።"

ፍሙ ላይ ውሃ ደፋሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

ሄድኩ። መንገዱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ዛሬ ግን ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ፈራሁ። በዚህ ዕድሜዬ ወንድሜን ፈራሁ።

ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጺሙ አድጓል። መስኮቱ በጋዜጣ ተሸፍኗል። አንሶላውን ሲያይ ፊቱን አዞረ። አጠገቡ የቆመችውን ልጁን ሊቆጣ ሲል፣ ተወው፣ የመጣሁት በራሴ ነገር ነው አልኩት። ባዶ መሆኗን ከፍቼ አሳየሁት። መቺውን ሳብና ሰደፏን ወለሉ ላይ ምታ አልኩት። አይነካትም። ለመንኩት። በመጨረሻ ተቀበለኝ። ልምድ አይረሳም፣ ጣቱ ቀጥ ብሎ ከምላጩ ውጪ። መታ። መቺው ቀጭ አለ።

ወደ ጣቱ አየ።

ሁለተኛ መታ። ሦስተኛ።

"ጣቴ አልነበረም?" አለ።

"አልነበረም ጋሼ። የኔ ሞረድ ነው። ሞርጄ ሳላጠነክር ሰጠሁህ።"

የምሳውን ነገርም ነገርኩት። ሁሉን ሰማ። ጣቱን በሌላው እጁ ይዞ እያሻሸ ነበር፣ እንደሚያመው ሰው። "አንድ ዓመት ከአራት ወር" አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ይምታኝ ብዬ ተመኘሁ። በልምጩ።

"ውጣ" አለኝ።

ጠመንጃዋን ለልጁ ሰጥቼ ወጣሁ። እያለቀስኩ መጣሁ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ባይነጋ ይሻል ነበር። ግን ነጋ። በዚያ መንገድ ምላጭ ያቀለልኩላቸው ሌሎችም አሉ። ራሴን ሳክክ አራቱ ትዝ አሉኝ። በየቤታቸው ሄጄ አምጡ አልኳቸው። ለምን ሲሉኝ ነገርኳቸው። አንዱ ያንተ ሥራማ አይበላሽም ብሎ ሊያባርረኝ ነበር። ፈትቼ አሳየሁት። ከአራቱ ሁለቱ ተበልተዋል። እግዜር ያውቃል ሌላ ስንት እንደረሳሁ…

የአንድ ጎራሽን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሷ ምን በደለች? ካልነኳት ሦስት ትውልድ ታገለግላለች። ርካሽነቷ አልገደላትም፣ የገደላት የኔ ሞረድ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

የጋሼ ልጅ በመንገድ ስታልፍ ብቅ አለች። አባትሽ ምንም አልተናገረም ወይ አልኳት። ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ትናንት ማንም ሳይለው ክራንቹን አንስቶ ደጅ ወጣ አለች። ለጎረቤት፣ ለዳቦ ሻጯ፣ ለፖስታ አመላላሹ፣ ላገኘው ሁሉ "ጣቴ አይደለም" ይላል። ዳቦ ሻጯ ምን እንደሆነ ሳይገባት እሺ አባቴ ብላዋለች።

ታዲያ የማን ነው ሲሉትስ? አልኩ።

የወንድሜ ሥራ ነው ይላል አለች። አንገቷን ደፋች።

ይበል። እውነት ነው። ግን አመመኝ። ዛሬ ሁለት ደንበኛ ጠመንጃውን ሳያሳየኝ ተመልሶ ሄደ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

ቀትር ላይ ክራንች ሰማሁ። ቀና አልኩ። ጋሼ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ጺሙን ተላጭቷል። ከኋላው ልጁ አንሶላውን ይዛ።

ሰላም አላለኝም። በርጩማዋ ላይ፣ እዚያችው ላይ፣ ተቀመጠ። "ሥራት" አለኝ። ጀመርኩ። አዲስ ጥርስ አወጣሁ። በከሰል ቀበርኩ፣ አጋልኩ፣ ነከርኩ። እስከ አሥር ሰዓት። ዓይኑን ከእጄ አልነቀለም። ባለቤቴ ለምሳ ልትጠራን መጣች። እኔ አልተነሳሁም። እሱም።

ስጨርስ ተቀበለኝ። ምላጩን ሳበ። ከብዷል። መቺውን ስቦ አቆመና በአንድ እግሩ ተነስቶ፣ ልጁን ተደግፎ፣ ሰደፏን ወለሉ ላይ መታ። እኔ እንደመታሁት በቀስታ አይደለም፣ ሲሚንቶው እስኪጮህ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። መቺው አልተነቃነቀም።

መቺውን ቀስ አድርጎ መለሰና ለልጁ ሰጣት። ወዲያው ወደ ጣቷ አየ።

"ጣት አውጪ" አላት።

አወጣች። ጋሼ እንደገና ሲያስተምር ሰማሁት።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እንዲልም አልጠበቅሁም። ጠመንጃዋን ከልጁ ተቀብዬ ፊተኛውን እንጨት ልገጥም ሳነሳ ግን እጁን ጣልቃ አገባ። መብሻዋን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ሰጠኝ።

"ነጥብህን ምታ" አለኝ። "የማን ሥራ እንደሆነ ይታወቅ።"

ከሦስቱ ጎን አራተኛዋን መታሁ።