የአባታችን ጥለት በሦስት ገበያ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣ ሽሮ ሜዳ፤

እንዴት ሰንብተሃል? ሚስትህስ፣ ልጆችህስ? ጎረቤቱስ ሁሉ? ዓይንህ እንዴት ሆነ? ሞራው ተገፈፈልህ ወይስ አሁንም በአንድ ዓይንህ ነው መወርወሪያ የምትወረውረው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንደ በሬ ነኝ። ሌላ ነገር የነገረህ ሰው ካለ አትስማው።

ይህን የሚጽፍልኝ ሰው መክብብ ይባላል። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ቶየን በሚሉት ሰፈራችን፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤቴ ነው፤ አልናብሩ የሚባል ቦታ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። የምለውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍ ብዬዋለሁ። ልጄ ማዕዶት እንድትጽፍልኝ አልፈለግኩም። በመክብብ ስልክ ለምን አልደወልክም ትል ይሆናል። ስደውል አንተ ትጠይቀኛለህ። ወረቀት አይጠይቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረዶው ሳይቀልጥ መክብብ ከሥራ ቦታው የተጣለ እንጨት እያመጣልኝ፣ ከሕንፃው ምድር ቤት ባለችው ዕቃ ማስቀመጫችን ውስጥ፣ ቦድ ይሏታል፣ የሽመና ዕቃዬን ተከልኩ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ጉድጓድ አይቆፈርም፤ መቀመጫዬን በሳጥን ላይ ከፍ አድርጌ እግሬን አንጠለጠልኩ። አባታችን ቢያየኝ በሳቅ ይሞት ነበር። አንድ ቀላል ነጠላ ሠራሁ። ማዕዶት ለብሳው ቢሮ ሄደች፤ ፈረንጆቹ አበዱላት። ከዚያ ወዲህ ልጄ ዕረፍት የላትም። አባዬ፣ ይህን በኢንተርኔት እንሸጣለን አለችኝ። ደግሞ ይህን ተራውን አይደለም፤ የአባታችንን ጥለት።

ኮምፒውተሯን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ገበያዎቹን ታወዳድርልኝ ጀመር። አንደኛው ልብሱን ራሱን የምትሸጥበት ነው። የዓለም ሰው ሁሉ ዕቃውን ይደረድርበታል፤ ገዢ ሞልቷል፣ ግን ከሸጥከው ሁሉ ላይ ባለገበያው ድርሻውን ያነሳል። ይሄማ ደላላ ነው አልኳት። ሁለተኛው የራስህን ሱቅ ተከራይተህ የምትከፍትበት ነው። ተሸጠም አልተሸጠም በየወሩ ኪራይ አለ፣ ገዢውንም ጮኸህ የምትጠራው ራስህ ነህ። ሦስተኛው ትምህርት የሚሸጥበት ነው። እዚያ ጨርቅ አትሸጥም፤ እጅህን ነው የምትሸጠው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አሠራሩ አንዴ ተቀርጾ ይቀመጥና የፈለገ ከፍሎ ያየዋል። ሌላው በየሳምንቱ በቀጥታ ትቀመጣለህ፣ ተማሪው ይጠይቅሃል፣ እየሠራህ ትመልስለታለህ። የሚያዋጣው ይሄኛው ነው፣ ሰው የሚወደው መምህሩን ሲያናግር ነው ትላለች።

እኔ ስለ ሁሉም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። ስንት ጊዜ ነው የምሠራው? ልብስ ከሸጥን ገዢው በፎቶ ያየውን ያንኑ ነው የሚያዝዘው፣ ስለዚህ ደጋግመህ አለችኝ። ሱቅ ከከፈትንም እንደዚያው። በቀጥታው በየሳምንቱ። አንዴ ሠርቼ የምገላገለው የቱ ነው? አልኳት። የተቀረጸው አለች። በቃ እሱ ነው አልኩ። ናይ አባዬ፣ ሰነፍክ እንዴ! ብላ ሳቀችብኝ፤ ናይ በአገሩ አፍ አይ ማለት ነው። እኔ! ከጎህ እስከ ማታ ከጉድጓዴ የማልወጣውን ሰው! አንተ ታውቀኛለህ። ግን ይሁን አልኳት። ሰነፍክ መባል ይሻለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ መቅረጽ ጀመርን። ስልኳን ከእጄ በላይ አንጠለጠለችው፣ መብራት በፊቴ ደቀነች። አባዬ፣ እየሠራህ ተናገር፣ የትኛውን ክር እንዳነሳህ ንገራቸው ትለኛለች። አባታችን ይህን ጥለት በአፉ ተናግሮት ያውቃል? ጣታችንን ከጣቱ ስር አስገብቶ ነው ያስተማረን። ስንጠይቀው ጣታችንን ጫን ያደርጋታል፤ መልሱ ያ ነበር። እኔም ቀዩን አነሳሁ፣ ቢጫውን አሳለፍኩ፣ መሀሉ ላይ ያ ዓይን የሚመስለው የሚከፈትበት ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። አልደከመም። ቆመ። በጨለማ ደረጃ ስትወርድ እግርህ የሚያርፍበት ሲያጣ እንዴት ነው የምትሆነው? እንደዚያ ሆንኩ። ወሬሽ ነው ያጠፋብኝ ብዬ ጮህኩባት። ልጄ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ እኔን።

ሰኞ ሥራ ስትሄድ ብቻዬን ወደ ቦዷ ወረድኩ። ስልክ የለም፣ መብራት በፊቴ የለም፣ የሚያናግረኝ የለም። ስለዚያ ቀን አልነግርህም። የማዕዶትን የሠርግ ቀሚስ ከቁም ሳጥን አውጥቼ አየሁት፤ እኔ ራሴ የሠራሁት ነው፣ ጥለቱ ሙሉውን አለበት። ገልብጬም በውስጥ በኩል አየሁት። ያማረ ሥራ ነው። የትኛው ክር ቀድሞ እንደገባ ግን ከልብሱ አይታይም። የሌላ ሰው ልብስ መሰለኝ።

እዚህ አገር ያለው ነገር ሁሉ ይበላሻል። ባቡራቸው እንኳ በቀደም ቶየን ሳይቆም አለፈ። ሄልስፊር የሚሉት ሌላ ጣቢያ ነው ያወረደኝ። መክብብ እሱም እዚያው ባቡር ውስጥ እንደነበረና ቶየን ላይ ቆሞ እንደወረደ ይናገራል፤ እሱ ምን ያውቃል። ጣቢያው በር ላይ የትኛው መንገድ ወደ የት እንደሚወስድ ቆሜ ሳይ፣ ማዕዶት እዚያ አጠገብ ካለው ቢሮዋ ወጥታ ስትመጣ አየችኝ። ልትቀበለኝ መጣህ? ብላ እየሮጠች አቀፈችኝ። አዎ አልኳት። እስከ ቤት ክንዴን ይዛ እያወራች መጣች። እኔ አንድም ቃል አልሰማሁም፣ የምንታጠፍበትን ጥግ ነበር የምቆጥረው።

የባሰው ይሄ ነው። ሥራዋን ልትለቅ ነው። ያንን የመሰለ የቢሮ ሥራ! ሁለት ነገር አንድ ላይ አይሆንም፣ ቀረጻው እንዳለቀ መልቀቂያዬን አስገባለሁ አለችኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጥለቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳናቋርጥ እንጨርሰዋለን ብላለች። ትምህርቱ ጎደሎ ከሆነ የከፈለው ሰው ገንዘቡን መልሶ ይወስዳል፣ ዓለም የሚያየው ክፉ ቃልም ይጽፍብሃል። ከትምህርቱ ርዕስ ላይ የአባታችንን ስም አድርጋበታለች። ጃ፣ አዎ ማለቷ ነው፣ እንዴት ያምራል፣ አየኸው? እያለች ታሳየኛለች፤ እኔ ፊደሉን አላውቀውም፣ ያምራል እላለሁ። አትልቀቂ ልላት አፌን ስከፍት ለምን? ትለኛለች ብዬ መልሼ እዘጋዋለሁ።

አሁን ጉዳዬን ስማ። ልፈትንህ ፈልጌአለሁ። ከአባታችን ቀጥሎ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፣ መጠየቅ መብቴ ነው። ዕድሜህ ገፍቷል፣ ዓይንህም ደክሟል፤ የአባታችንን ጥለት ረስተኸው እንዳይሆን ሰግቻለሁ። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሥራውና ጣትህን ብቻ አስቀርጸህ ላክልኝ። መሀሉ ላይ ስትደርስ ቀስ በል። እዚያ ጋ ደግመህ አሳየኝ። ልክ ከሆንክ ልክ ነህ እልሃለሁ። ፈርተህ ነው እንዳትለኝ። ፈርቻለሁ፣ ግን ለአንተ ነው። በማዕዶት ስልክ እንዳትልከው! ቁጥሩን መክብብ ከታች ጽፎልሃል፣ በእሱ ላክ። ወረቀቱን ይዛ የምትመጣው ወለተማርያም የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ናት፤ ሰኞ ትበራለች። ከቅዳሜ በፊት ይድረሰኝ። ስለ ስሙ አታስብ፣ ያንተም ስም ከአባታችን ስም ጎን እንዲጻፍ አደርጋለሁ፣ ጥለቱ የሁለታችንም ነው።

እኛ ደህና ነን። አንተስ ዓይንህ እንዴት ሆነ? ሞራው ተገፈፈልህ ወይ?

መክብብ መጻፉን ትቶ ያየኛል። ጋሼ፣ ይህንንማ መጀመሪያ ላይ ጽፈነዋል ይለኛል። ጻፍ ብያለሁ አልኩት። የገዛ ወንድሜን ሁለት ጊዜ ብጠይቅ ምን አለበት? አሁን እሱም እንደ ማዕዶት በለሰለሰ ድምፅ ያናግረኛል። አልወደድኩትም።

የአባታችን አምላክ ዓይንህን ያብራልህ፣ እጅህን አይንሳህ። ልጆችህ ይደጉልህ። ቤትህ ክርና እንጀራ አይጣ። ሚስትህን ሳምልኝ።

ታላቅ ወንድምህ ነኝ።

ከዚህ ስር ያለው አውራ ጣቴ ነው፣ መክብብ ቀለም ቀብቶ አሳተመኝ። ልጅ ሳለህ ያንተን ጣት ከስሩ አስገብቼ ያስተማርኩበት ጣት ነው። አሁን ወረቀቱ ሲደርስህ፣ ያንተን ከላዩ አድርግልኝና ጫን በለው።