ሩፋኤል ያጠበው ዋንዛ

ውድ አስረስ፣

እንደምን ከረምክ ልልህ አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። አርባህ እንኳ ሳይወጣ ነው የምጽፍልህ። ለሰው ባወራ አበደች ይሉኛል፤ ላንተ ግን መንገር አለብኝ።

ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ ወንበርህ እንዳለ ነው። ዋንዛውም ከታች አለ። ወር በገባ ቁጥር ያንኑ ዛፍ ስትስል፣ «ሰውዬ፣ ሌላ ዛፍ አጣህ?» እልህ ነበር።

«ያኛው የባለፈው ወር ነው፣ ይሄ ሌላ ነው። አንቺ ቁጭ ብለሽ አታዪም እንጂ!»

እውነትህን ነው። ከቀብርህ በኋላ ስዕሎቹን ግድግዳው ላይ ደረደርኳቸው። ዛፉ ያብባል፣ ያራግፋል፤ ከኋላው ሜዳ የነበረው ፎቅ ይሆናል። ለካ ዕድሜያችን እዚያ ላይ ሲሄድ ኖሯል። የነሐሴው የመጨረሻህ ነው። ብቻዬን ስሆን የማወራው ከእሱ ጋር ነበር።

የሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ወረደ። ልጆቹ ግቢ ውስጥ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ይዘላሉ። አንተም ብትኖር ወርደህ ትታጠብ ነበር። እኔ ሞኟ ምን ታየኝ መሰለህ? አንተ ካልታጠብክ እጅህ የነካው ይታጠብ ብዬ የነሐሴውን ስዕል ወደ ዝናቡ ዘረጋሁት። በረከት ያገኛል ብዬ እኮ ነው! የዘይት ቀለም ውሃ አይፈራም ያልከኝ አንተው ነህ። ወዲያው አረንጓዴው በክንዴ ላይ ወረደ። ዋንዛው እጄ ላይ አለቀ፣ አስረሴ።

ጩኸቴን ሰምታ ጎረቤታችን መርዋ እየሮጠች መጣች። ወረቀቱን ስታይ ራሷን ያዘች።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የውሃ ቀለም ነው! ለጋሼ እኔ ነኝ የገዛሁላቸው። የዘይቱ ሽታ የሚስቴን ደረት ያፍናል ብለው ከተዉት ቆዩ። እንዳትነግሪያት ብለውኝ ነው።»

አንድ ቀን «ወይ እኔ ወይ ቀለምህ!» ብዬ ስጮህብህ ጥለኸኝ ወጣህ፤ የተቀየምክ መስሎኝ ነበር። ሽታው ሲጠፋ ለመድኩት አልኩ እንጂ ተወልኝ አላልኩም። ወረቀት ላይ ስትጀምርም ሸራ ተወዶበት ነው አልኩ። አንተ ሰው፣ ምነው ብትነግረኝ? እኔስ ምነው አንዴ እንኳ ብጠይቅህ?

የደበዘዘውን ወረቀት አድርቄ ከሌሎቹ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ትናንት ደግሞ አልጋ ስር አንድ ያለቀ የዘይት ቀለም ቱቦ አገኘሁ። ክዳኑን ከፍቼ ራስጌዬ አስቀምጬዋለሁ። ያፍነኛል። ያፍነኝ።

ሚስትህ ተሾመች