ስለ ባለቤቴ ልብና ስለ ወር መጨረሻ

ለተከበሩ የውስጥ ደዌ ሕክምና ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? ልብዎ ያለ እንከን እንደሚመታ፣ ደረጃ ሲወጡም ትንፋሽ እንደማያጥርዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቤት ይህ ብርቅ ስለሆነ ነው አስቀድሜ የጠየቅሁት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህርት ስሆን፣ ባለቤቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖሮ አሁን የእርስዎን ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩትን ሐኪሞች፣ በማሠልጠን ላይ የሚገኝ ሰው ነው። እናንተ ቫልቭ የምትሉት የልቡ በር ጠቧል። ይህንንም ተመላላሽ ክፍልዎ በየቀጠሮው እንደ አዲስ ስለሚያበሥረን ልንረሳው አልቻልንም፤ እናመሰግናለን።

አንደኛ፣ ሥልጠናው የተዋቀረበትን ጥበብ ሳላደንቅ አላልፍም። ሬዚደንቱ አንድ ወር ሕመምተኞች በሚተኙበት ዋርድ ይሠራል፣ ከዚያ ወደ ድንገተኛ፣ ከዚያ ወደ ጽኑ ሕሙማን፣ ከዚያ ወደ ተመላላሽ ይዞራል። አንደኛ ዓመቱን ሁለተኛ ዓመቱ ይቆጣጠረዋል፣ ሁለተኛ ዓመቱን ሦስተኛ ዓመቱ፣ ሦስተኛ ዓመቱን እርስዎ። ሁሉም ይዞራል፣ ሁሉም ያድጋል፤ ባለበት የሚረግጠው ባለቤቴ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ አዲስ የመጣው ሐኪም ሁሉ «መቼ ጀመረዎት?» ብሎ ከሀ ይነሣል። ባለቤቴም ታሪኩን ከመደጋገሙ የተነሣ ማሳመር ስለጀመረ፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ አርመዋለሁ። አንዱ ልበ ቀና ወጣት በሚቀጥለው ወር ጉዳዩን ለቀዶ ሐኪሞች ስብሰባ እንደሚያቀርብ ቃል ገባልን፤ በሚቀጥለው ወር ድንገተኛ ክፍል ተመደበ። የተካችው መነጽራም ልጅ «አባባ፣ አይዞዎት፣ እኔ አለሁ» አለችው፤ እውነትም ነበረች፣ ወሩ እስኪያልቅ ድረስ።

ወር ሲያልቅ ተሰናባቹ ለተተኪው ሕመምተኞቹን ያስረክባል። ስለ ባለቤቴ የሚሻገረው «የተረጋጋ» የምትል አንዲት ቃል ናት። እርግጥ ነው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ መኝታ ቤት መድረስ ስላቃተው እጅግ ተረጋግቷል። የሚተኛው ትራስ ተደራርቦለት፣ እንደተቀመጠ ነው። እኔም ትንፋሹን ሳዳምጥ ነው የማነጋው። እፈራለሁ፣ ክቡርነትዎ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምናገርበት ሌላ መንገድ አጣሁ።

ሦስተኛው እንኳ ቅሬታ ሊባል አይችልም። የባለቤቴ ልብ ድምፅ ለትምህርት የተመቸ ነው አሉ፤ አንዱ ካዳመጠው ጓደኞቹን ይጠራል፣ እነርሱም ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። እሱ ደግሞ ለቀጠሮ ቀን ጢሙን ተላጭቶ፣ አዲሱን ካናቴራ ለብሶ ይሄዳል፤ ስንመለስ «የዛሬዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ አይደል?» ይለኛል። ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍም ወጣት ሐኪሞቹ ይከፋቸዋል ብሎ ለምኖኛል። እኔም ልጆቹን አልወቅስም፤ እንቅልፍ አጥተው ቆመው የሚያንቀላፉ የሰው ልጆች ናቸው። ግን እኔ በማስተምርበት ጊዜ ተማሪ ክፍል ሲቀይር ውጤቱ አብሮት ይሻገር ነበር። መምህሩ ስለተቀየረ ብቻ ልጁን መደመር እንደገና አናስጀምረውም ነበር።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን እንዲፈቅዱልን በትሕትና እለምናለሁ። ወይ አንድ ሐኪም ጉዳዩን እስከ ፍጻሜው ይያዘው፣ ወይ ባለቤቴም በዙሩ ተካትቶ ሐኪሙን እየተከተለ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይግባ። ሁለተኛው፣ በዚህ አያያዛችን፣ ፈቃድ ሳያስፈልገው መፈጸሙ አይቀርም።

ትምህርት ክፍልዎ በምሩቃን ብዛት እንዲባረክ፣ ወሮቹም ትንሽ ረዘም እንዲሉልን ከልብ እየተመኘሁ፣

ከማይቀንስ አክብሮት ጋር፣
የተረጋጋው ሕመምተኛ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው የመመረቂያ ፈተና ላይ ባለቤቴ የፈተና ሕመምተኛ እንዲሆን ስለጋበዙት ክብር ተሰምቶናል። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ እሰማ ነበር። ተፈታኞቹ ተራ በተራ ልቡን አዳመጡ፤ እርስዎ «ምን ይደረግለት?» ብለው ሲጠይቁም፣ ሁሉም «ሳይዘገይ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ይገባል» ሲሉ መለሱ። እርስዎም መልሱ ትክክል ነው ብለው ሁሉንም አሳለፏቸው። ከዚያም የባለቤቴን እጅ ጨብጠው፣ አመስግነው፣ ወደ ቤቱ ሸኙት።