ግማሹ ዓረፍተ ነገር

እሁድ፣ ግንቦት 17

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ ተዘግቶ አንቺን ለመለየት ተቸግሬ ነበር። ብርድ ልብሱን ደርበሽ ተኚ፣ ውጭ ስትወጪም አንገትሽን ሸፍኚ። እዚያ አገር ሰው በብርድ ማማር ይወዳል መሰለኝ፣ አንቺ አትከተያቸው። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው። የስፌት መኪናዬ ከእኔ በዕድሜ ብትበልጥም ከእኔ በተሻለ ትራመዳለች።

የሽልማቱን ቀን ደጋግመሽ ጠይቀሻል። አባትሽ በስልክ «በጣም አምሮ ነበር» አለሽና ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ። እኔም አፍጥጦ ሲያየኝ «አዎ፣ አምሮ ነበር» አልኩሽ። አሁን ግን የታመመ ጓደኛውን ሊጠይቅ ወጥቷል፣ ቤቱም ጭር ብሏል። ስለዚህ እውነቱን ልጻፍልሽ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፣ ግን የእኔ ሆድ ከዚህ በላይ አይችልም።

የጠዋቷን ክፍል ታስታውሻለሽ። ከሰባተኛ ክፍሎች ጫፍ ያለችው፣ ድሮ የተሰባበረ ወንበር የሚከመርባት ጠባብ ክፍል። ማንበብ ሳይችሉ እየተገፉ ሰባተኛ ክፍል የደረሱትን ልጆች አባትሽ ከደወል በፊት እዚያ ይሰበስባቸዋል። ጓደኞቻቸው እንዳይስቁባቸው በሩን ይዘጋል። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከስፌት የተረፈኝን ቁራጭ ጨርቅ እየቆረጥኩ ፊደል ሠራሁለት፣ ትልልቅ አድርጌ፣ በእጅ የሚዳሰስ። ሀ ከሰማያዊ መጋረጃ፣ ለ ከአንድ ሙሽራ ቀሚስ ትርፍራፊ፣ ገ ደግሞ ከድሮ ዩኒፎርምሽ። ግድግዳው ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰቅሎ ልጆቹ በጣታቸው እየተከተሉ እንዲያነቡ ያደርግ ነበር። ለዚህ ማንም አንድ ቀን አመስግኖት አያውቅም፣ እሱም ምስጋና ጠብቆ አያውቅም።

«ለመሆኑ ማንበብ የማይችል ተማሪ ስንት አለህ?» ብለሽ ስትጠይቂው ያለሽን እኔም ሰምቻለሁ። ለሁሉም የሚለው እሱን ነው። «ማንበብ የማይችል ተማሪ የለም፤ ገና ያላነበበ ነው ያለው።» ካፉ አይጠፋም። ወላጅ ልጁን «ደንቆሮ ነው» ብሎ ሲያመጣ ይሄን ይለዋል፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስልክ መነካካት አቃተኝ ስለው ለእኔም ይለኛል።

ከዚያ አንቺ ይሄን አባባሉን ጨምረሽ ስለ እሱ ጻፍሽና ለላቀ መምህር ሽልማት ጠቆምሽው። ጥቆማው ተቀባይነት ሲያገኝ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር፣ አልዋሽሽም። የኮቱን እጅጌ አሳጠርኩ፣ ገበሩን ቀየርኩ፣ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ትንሽ ቆይቶ ከትምህርት ቢሮ ሌላ ወሬ መጣ። የላቀ መምህር ያለ የላቀ ርዕሰ መምህር አይፈጠርምና ርዕሰ መምህሩም አብሮ ይሸለማል ተባለ። ያ ልጆቹ «ማይክራፎን» የሚሉት ሰውዬ! ስብሰባ ላይ ማይክራፎን ከያዘ የሚነጥቀው ስለሌለ ነው እንዲህ የሚሉት። ልጄ፣ ይሄ ሰው የጠዋቷን ክፍል ደጃፍ የረገጠው አንዴ ብቻ ነው። እሱንም ለእንግዳ የሚሆን ወንበር ፍለጋ።

ማይክራፎን ለበዓሉ አንድ ሐሳብ መጣለት። ካንቺ ጥቆማ የተወሰደውን የምስጋና ጽሑፍ ከዚያችው ክፍል የወጣች ተማሪ መድረክ ላይ ታንብብ አለ። ከተሰለፉት ልጆች መሃል ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ዩኒፎርሟም ንጹሕ የሆነውን መርጦ ወረቀቱን ሰጣት። አባትሽ «ጭምቷ» የሚላትን ልጅ። ጭምቷ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፣ ሲገጣጠሙ ግን ይጠፉባታል። አምና ሀ እና ለን እንኳ አትለይም ነበር፣ ስለዚህ አባትሽ በእሷ ተስፋው ትልቅ ነው። ወረቀቱን ይዛ መጥታ ፊቱ ቆመች። እንባዋ ብቻ ይወርዳል።

አባትሽ ማይክራፎን ቢሮ ድረስ ሄደ። ሲመጣ እዚሁ መቁረጫ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጦ የተባባሉትን ነገረኝ።

«ልጅቷ ገና ናት፣ ሌላ ልጅ ያንብብ» ይለዋል።

«ጋሼ፣ ስሟ ፕሮግራሙ ላይ ወጥቷል። ደግሞስ ማንበብ የማይችል ተማሪ የለም ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«ጽሑፉ ላይ አለ እኮ! እንግዲያው ማንበብ ስላቃታት ተቀየረች ብዬ ሰልፍ ላይ ልናገርላት?»

አባትሽ ትቶት ወጣ። ሰልፍ ላይ ስሟ እንዲጠራ አልፈለገም። ጭምቷ ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ቤት እንደማትመለስ ያውቃል፣ ከዚህ በፊትም እንዲህ የቀረ ልጅ አይቷል።

ከዚያ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ። ጽሑፉን በቃሏ አስጠናት። አባትሽ! «በቃሉ የያዘ አንባቢ አይደለም፣ ካሴት ነው» እያለ አንቺን ያስለቅስሽ የነበረው ሰውዬ! ከትምህርት በኋላ እዚህ እየመጣች እኔ እየሰፋሁ፣ እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፣ እሷ ትደግማለች። አእምሮዋ አይጣል ነው፤ አንዴ የሰማችውን አትለቅም። ለካ እስካሁንም ከክፍል ክፍል የተሻገረችው በዚሁ ጆሮዋ ነው። አባትሽ እያስጠናት ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። እኔም መኪናዬን ጠበቅ አድርጌ ረገጥኩ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ በፊኛ ተሞልቷል፣ የማይክራፎን ፎቶ በር የሚያህል ሆኖ ተሰቅሏል። የአባትሽ ጥግ ላይ አለች፣ ትንሽዬ፣ ያውም የድሮ መታወቂያው ላይ ያለችው። የቢሮው ኃላፊና ሹማምንቱ ፊት ለፊት ባለው ሶፋ ላይ ተሰየሙ። እኔ ከኋላቸው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነኝ። ጭምቷ ወጣች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ጀመረች። አንድ ቃል አልሳተችም። «በዚህ ትምህርት ቤት ማንበብ የማይችል ተማሪ የለም» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ጽሑፉ ሁለት ገጽ ነው። ልጅቷ እስከ መጨረሻው የመጀመሪያውን ገጽ ይዛ ቆመች። አልገለጠችም። አባትሽ ቃሉን ሁሉ አስጠንቷት ገጽ መግለጡን ሳያስጠናት ቀርቷል። እኔ አየሁ። እሱም አይቶ አንገቱን ደፋ። ከእኛ ሌላ ያየ ሰው የለም፤ ያ ሁሉ የትምህርት ሰው ተሰብስቦ አንድም ሰው አላየም! ኃላፊው ጭራሽ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

ከዚያ ኃላፊው ተነሳና «እንዲህ ያለ ንባብ ከሰማን በኋላ ምን እንላለን? ችግሩ ተፈትቷል!» አለ። ማይክራፎኑን ማይክራፎን ተቀበለውና የጠዋቷ ክፍል ሥራዋን በድል ስለፈጸመች ከሰኞ ጀምሮ የሽልማት ማሳያ ክፍል ትሆናለች ብሎ አበሰረ። አበሰረ ነው የምልሽ፣ ደረቱን ነፍቶ። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። አባትሽ ዋንጫውን በሁለት እጁ ታቅፎ ስለነበር ማጨብጨብ አልቻለም። ዋንጫው የጠቀመን ለዚህ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት እንደገና ማይክራፎን ቢሮ ገባ። «ልጅቷ አላነበበችም፣ እኔ ነኝ በቃሏ ያስጠናኋት። ሌሎችም አሉ። ክፍሉን መልሱልኝ» አለው። ማይክራፎን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። በር ዘጋ፣ ወንበር ሳበለት፣ በለሰለሰ ድምፅ «ጥሩ፣ እንግዲህ ለቢሮው ይጻፉ። መጥተው ልጅቷን ፊታቸው ያስነብቧታል። ያን ጊዜ እሷ ምን ትሆናለች? እርስዎስ?» አለው። ገባሽ? ክፍሉን ለማስመለስ ልጅቷን አሳልፎ መስጠት አለበት። እሷን ካልሰጠ ደግሞ የቀሩት ልጆች እንደ ጨለመባቸው ይቀራሉ። አዝኖላት ያደረገው ነገር ዞሮ እሱኑ አሰረው። እኔ «ጻፍ! ይለይለት!» አልኩት። «ልጅቷን በምን ዓይኔ ልያት?» አለኝ።

የጨርቅ ፊደሎቼን የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በከረጢት አምጥቶ በር ላይ ሰጠኝ። «እማማ፣ እዚያ መስታወት ሳጥን ሊገባ ነው» አለኝ፣ አፍሮ። አንዳንዶቹ ላይ ጫማ ቆሞባቸዋል። አጥቤ አሰጣኋቸው። አባትሽ አሁንም በዱሮው ሰዓት ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ከዚያ የሚሄድበት ስለሌለ ደወሉ እስኪደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እኔ የተኛሁ መስዬ አየዋለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ልጄ፣ አኩርፌሽ ነበር። «አዎ፣ አምሮ ነበር» ያልኩሽ ቀን ስልኩን ስዘጋ በዓለም ላይ ያለ ክፉ ቃል ሁሉ ምላሴ ጫፍ መጥቶ ነበር። ያ ጭብጨባ የወረደለት ዓረፍተ ነገር የአባትሽ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የት ቀረ? እንዲያምር ብለሽ አንቺ ቆረጥሽው? ወይስ እነሱ? አልጠይቅሽም። አባትሽ «እነሱ ናቸው» ብሎ ዘግቶታል፣ እኔም እሱ ያመነውን ማመን እፈልጋለሁ። በፍቅር እንዳደረግሽው አውቃለሁ። እሱም ለጭምቷ በፍቅር ነው ያደረገው። ሁላችንም በፍቅር ተደጋግፈን ያቺን ክፍል ዘጋናት።

ትናንት ጭምቷ መጣች። ከበሩ ላይ አልገባ ብላ ጎትቼ አስገባኋት። ያንን ወረቀት አጣጥፋ ይዛዋለች።

«ቲቸር፣ ይሄን በአፌ አውቀዋለሁ። የትኛው የቱ እንደሆነ ያሳዩኝ» አለችው።

አባትሽ መነጽሩን ሊያገኝ ሲደናበር ብታዪው! ራሱ ላይ ነበር። መቁረጫ ጠረጴዛዬን ጠርጌ ለቀቅኩላቸው። አፏ የሚያውቀውን ጣቷ እየፈለገ፣ ቃል በቃል፣ እየተመለሰች፣ እየጀመረች። ሻይ አፈላሁ፣ ሳይጠጡት ቀዘቀዘ። ግማሽ ላይ ስትደርስ በአፏ መቅደሟን ተወች። ፊደል ፊደሉን እያየች፣ እየቆመች፣ «በዚህ... ትምህርት ቤት... ማንበብ... የማይችል... ተማሪ... የለም» አለች። ልጄ፣ አነበበች! በሕይወቷ ያነበበችው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይሄ ሆነ።

ደስ ሊላት ነው ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ አየችው።

«ቲቸር፣ እኔስ ታዲያ?» አለች። «እኔ የት ነበርኩ?»

አባትሽ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ፣ እስክሪብቶ አወጣ፣ ነጥቡን ሰረዘና ከጎኑ የቀረውን ግማሽ በትልልቁ ጻፈበት። ለአንቺ ልደት ካርድ በሚጽፍበት ጽሑፉ። መልሶ ሰጣት። የመጀመሪያው ቃል ላይ ቆመች፣ ይሄን በጆሮዋ አታውቀውም። እኔ ከከረጢቱ ያንቺን ገ ፈልጌ ፊቷ አስቀመጥኩላት። በጣቷ ዳሰሰችው። «ገ... ና... ገና» አለች። ቀጥሎ ያለው ረጅም ቃል ነው፣ ያዛት። ልነግራት አፌን ስከፍት አባትሽ በእጁ ዝም አሰኘኝ። እሱ መጠበቅ ያውቅበታል።

በይ ልጄ፣ እጄ ደከመ፣ እሱም ሊመጣ ነው። ያለሽበት ቤት ይሙቅልሽ። ክፉ ሰው በሩን አይይብሽ፣ ደግ ሰው ደግሞ አይለፍሽ። ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ስትደውዪ እንኳን ደስ አለህ አትበዪው፣ ስለ ዋንጫውም አታንሺበት፤ ለመኪናዬ ክሮች ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። «ልጅቷ የት ደረሰች?» ብለሽ ብቻ ጠይቂው። ከዚያ እስኪመልስልሽ ጠብቂ።

የምትናፍቅሽ
እናትሽ